መሃሉ የት ነው?

ድንጋዩ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤
ከኤስትሬሞዥ ካባ፣ ጭድ ተጎዝጉዞለት፣ በገመድ ተጭኖ፣
ሦስት የእብነበረድ ሳህን፣ አንዱ ባንዱ ሆኖ።
ሾፌሩ አወረደ፣ አስፈርሞ ሄደ።
ደኦሊንዳ ደጃፉ ላይ፣
እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣
«በልሚሮ፣ የት ይቁም?» አለች።

እኔ ግንበኛ ነኝ። አርባ ዓመት በኤቮራ
ኖራ ስቀባ ኖርኩ፣ ግድግዳ ስሠራ።
ሰው ልኩን ይነግረኛል፣ እኔ እቆፍራለሁ፤
የት ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።

የባሏ ወንድም ግን መልሱ በኪሱ ነው።
ኤርሜኔዢልዶ፣ ጡረታ የወጣ መሬት ለኪ፣
ሜትሩን መዘዘ፣ ካጥር እስካጥር ሳበ፣
ችካል ቀበቀበ።
«መሃሉ እዚህ ነው» አለ። «እንግዳ ሲገባ
ፊት ለፊት ይታየው፣ ዓይኑ እንዳይባባ።»

ደኦሊንዳ ዝም።
ከሷ ዝምታ የሚብስ ንግግር በዚህ ሰፈር የለም።

«ድንጋይ» አልኩኝ እኔ፣ «አንዴ ከተቀመጠ፣
ሲሚንቶ ከጠጣ፣ ቧንቧው ከሰረጠ፣
ሐሳብ ቢለወጥም እሱ አይለወጥም።
ባልዲ ግን ይሄዳል፣ ባልዲ አይታበይም።
በርሜል እንገልብጥና ባልዲ እናኑርበት፤
ሳምንቱን እንየው፣ ሳምንቱን እንኑርበት።»

ረቡዕ፣ ችካሉ ላይ። ከበሩ አማረ።
ከማዕድ ቤት መስኮት ሎሚው ጋረደው፤
የተሰጣ አንሶላ ጫፉን ነከረበት።
ሐሙስ፣ ነጩ ግድግዳ ሥር። ጠፋ።
ነጭ በነጭ ላይ ምን ይታያል?
ጥርስ ጠይም ድድ እንደሚሻ
ውሃም ከኋላው ጥቁረት ይሻል።
ዓርብ፣ ብርቱካኑ ሥር። እስኪመሽ ድረስ
ሁለት የበሰበሰ ፍሬ ገባበት፣ ቅጠሉ አይቆጠርም።
«ፓምፑ ይታነቃል» አልኩ። አንዲት ጥቁር ወፍ ግን
ከባልዲው ጠጥታ፣ ጭራዋን ነቅንቃ፣
ገላምጣኝ ሄደች።
(እሷን ማንም አልጠየቃት።)

ቅዳሜ፣ ደጃፉ አጠገብ። ነፋስ ተነሣ፣
ባልዲውን ገልብጦ የኤርሜኔዢልዶን ጫማ አራሰ።
እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ደኦሊንዳ አልዋጠችም።

እሑድ አልሠራም። ሰኞ ስመለስ
ባልዲው የለም።
ከበሩ ቆሜ ባይ፣ የለም፤
ከመስኮቱ ባይ፣ እጀታው ብቻ
ከጽዱ ጥግ ብልጭ ይላል።
በጠጠሩ መንገድ ሄድኩ። መንገዱ ሲታጠፍ፣
የጥብስ ቅጠሉ ሱሪዬን ሲዳስስ፣
እዚያ! በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ከኋላው ጥቁር ጽድ፣
ሰማይ ውስጡ ተኝቶ።
ሌሊት ብቻዋን አንከባላው ነው፤
ጠጠሩ ላይ ዱካው አለ።

«ከመሃል አራት ሜትር ከሠላሳ ስቷል!»
አለ ኤርሜኔዢልዶ። «ከበርም አይታይም!»

«ከበር የሚታይ ሁሉ» አለች ደኦሊንዳ፣
«ከበር ያስመልሳል።
ወንድምህ ሠላሳ ዓመት ይህን ግቢ ከበር አይቶ
‹ቆንጆ ነው› እያለ ወደ ሥራው ሄደ።
እኔ የምፈልገው ሰው እንዲገባ ነው።
መጀመሪያ ይስማው። ከዚያ ግማሹን ይየው።
ከዚያ እግሩን ያንሳ።»

ቆፈርኩ። ክንድ ከስንዝር። ጠጠር ደለደልኩ፤
የመብራት ገመዱን በቧንቧ ቀበርኩ፤
ውሃ ልኬን ጋድሜ፣ ያቺ ትንሽ አረፋ
መሃል እስክትቆም ትንፋሼን ያዝኩ።
ሳህን የጣት ጫፍ ካጋደለ፣ ውሃው ባንድ ጉንጩ ብቻ ያለቅሳል።
እኔ የማውቀው መሃል ይኸው ነው፣ የአረፋዋ።
ሌላውን ለባለቤቶቹ ትቻለሁ።

አሁን ኅዳር ነው። ኤርሜኔዢልዶ
«መስመጥ አለመስመጡን ላረጋግጥ» እያለ
እሑድ እሑድ ይመጣል። በሩ ላይ ይቆማል፣
ጆሮውን ያዘነብላል፣
ቀጥሎ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።
ትናንት ማንኪያዬን ረስቼ ስመለስ አየሁት፦
ከሳህኑ ጠርዝ ተቀምጧል፣ አንድ እጁ ውሃው ውስጥ፣
ሜትሩ በኪሱ እንደተጠቀለለ።
ጥቁሯ ወፍ ከላይኛው ሳህን ላይ ነበረች።
አሁንም ገላመጠችኝ።