ጀርባውን ሰጠኝ

ማክሰኞ ነበረ፣ ጎር ከተማ ዘንቧል፤
ራዊሪ ከደጄ ወገብ ይዞ ቆሟል።
ሦስት መቶ በግ ሸልቶ ጎብጦ የዋለ ሰው፣
የሱፍ ቅባት ሽታ ከእጁ ያልለቀቀው።
«ጀርባዬን አቅናልኝ፣ ነገ ሥራ ልሂድ።»
አጥንት ቆጠርኩ እንጂ መች ጠየቅሁ ስለ ሆድ።

ጀርባውን ሰጠኝ፣ በሆዱ ተኝቶ።
ትንፋሹን እስኪጨርስ ጠበቅሁ፤
ገፋሁት።
ቋ አለ።
ሁለታችንም ሳቅን። ከፈለኝ። ወጣ።

አጥንት አፍ አለውና ሲመለስ ይሰማል፤
ጣፊያ ግን ሲቀደድ በዝምታ ይደማል።

ሐሙስ በውድቅት ሚስቱ ናይሪ ደወለች፤
«ሆዱ ድንጋይ ሆኗል፣ ከንፈሩም ነጥቷል፤
ግራ ትከሻዬን እያለ ነው» አለች።
ትከሻ? ትከሻውን መች ነካሁት እኔ!
ሆድ የፈጀውን ነገር ትከሻ እንደሚያወጣ
ተምሬው ነበረ ድሮ፤ ከፈተናው ማግስት ከራሴ ወጣ።

ኢንቨርካርጊል ነዳሁ፣ መጥረጊያው ሲንቋቋ።
ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች፦
«ሰኞ ዕለት አውራ በግ ረግጦት ነበረ፤
እሱ ይሁን ያንተ እጅ፣ ጣፊያው አልተናገረ።»
ልታጽናናኝ ነው። ገባኝ።
ግን እጄን ኪሴ ከተትኩት።

ከአልጋው አጠገብ ወንበር ሳብኩ።
ከደረት እስከ እንብርት ተሰፍቷል።
«ራዊሪ» አልኩ።
ጣሪያውን አየ። የጠብታውን ላስቲክ አየ።
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ስፌቱን በመዳፉ ደግፎ፣
ወደ ግድግዳው ዞረ፤

ጀርባውን ሰጠኝ።
ቀጥ ያለ ነበር።