ከዱካ እስከ ዱካ

መጀመሪያ አንድ ብሎን ነበረ፤
ሙዘይን ከኪሱ አውጥቶ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።
«ሁለቱን ክንፎች ካናት የሚይዛቸው ይኼ ነው» አለ፣
«እሱ ከተበጠሰ፣ ሌላ የሚያድን ነገር የት አለ?»
በመዳፌ መዘንኩት፤ ከዶሮ እንቁላል ይቀላል፤
ሰው በዚህ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንዴት ሰማይ ይደፍራል?

ሂርማታ ገበያ ጀርባ በያጅ ነኝ፤ በርና መስኮት ነው ሥራዬ፣
አልጋ፣ የመቃብር አጥር፤ አየር አልነበረም ጉዳዬ።
እሱ ግን ወረቀት ዘርግቶ፣ ግራሶ በነካው ጣቱ
ያስረዳኝ ጀመር፣ እስኪያልፈን የምሳ ሰዓቱ፦
«ሄሊኮፕተር አይደለም፤ የላዩን ሞተር አይነዳውም፤
ሞተር ከኋላ ይገፋሃል፤ የላዩን ከነፋስ በቀር የሚያዞረው የለም።
እንደ ፓቹላ ዘር ነው፣ ከዛፉ ሲለቅ ተሽከርክሮ፣
ሞተር ቢጠፋ እንኳ፣ ነፋስ ከታች እየጠጣ የሚወርድ ተከብሮ።»

ሞተሩ የአሮጌ ቮልስ ነው፤ አጂፕ ሰፈር ዶሮ አድሮበት የከረመ፤
ስንቀሰቅሰው አጨሰ፣ ተንደቀደቀ፣ ደግሞ ታመመ።
መቀመጫው (ስቃችሁ ጨርሱ) የአባ መጫ ሥራ ነው፣
ከአንድ ግንድ ዋንዛ በርጩማ ሲፈለፍል የኖረ ሰው፤
ሦስት እግሩን ቆርጠን ጣልን፣ ለቀበቶ በስተን፤
ሰማይ ላይ ባይተዋር እንዳንሆን፣ በጅማ ወንበር ተቀምጠን።

ክንፉ ግን ከቤቱ ረዘመ፤ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንጋሎ፣
በጓዳው መስኮት ወጣ፣ ጫፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ፤
ሚስቱ ሀናን ሦስት ወር ሙሉ ቀሚሷን ሰብስባ ታልፋለች፤
«ከናንተ በፊት የምበር እኔ ነኝ፣ በላዩ ስዘል» ትላለች።

ሚዛኑን ሌሊት ነው የምናየው፣ በር ዘግተን፣
ወገቡን በገመድ ሰቅለን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፤
አንዱ ጫፍ ዝቅ ካለ፣ ሌላውን ቀለም እንቀባለን፤
ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ፤ ሰው ለአዛን ሲነሣ፣ እኛ ልንተኛ እንሄዳለን።

ከዚያ? ከዚያማ መብረር መስሎኝ ነበር።
አልነበረም። ቦዬ ዳር፣ ግጦሽ ሜዳ ላይ፣ ዳዴ ማለት ነበር።
ክንፉን በመዳፍ ገፋ፣ ገፋ፣ እስኪነቃ፤
ቀስ ብሎ መንዳት፣ መቆም፣ መመለስ፤ በቃ።

አንድ ቀን ቸኮለ፤ ክንፉ ሳይነቃ ቤንዚን ሰጠ፤
ምላጩ ተርገፍግፎ፣ ጅራቱን መትቶ ቆረጠ።
ሦስት ወር በአንድ ሰኮንድ። ሣሩ ላይ ተቀመጥን፤
እርስ በርስ ሳንተያይ፣ ስብርባሪውን ለቀምን።
ሀናን ናት ያናገረችን፦ «መስኮቴ አልተዘጋም ገና፤
አምጡት፣ ደግሞ በዚያው ይግባ፤ ቸኩላችኋልና።»

በጥቅምት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ጭቃው ገና ሳይጠነክር፣
ደግሞ ገፋ፣ ደግሞ ጠበቀ፤
ክንፉ መስመር መሆኑ ቀርቶ፣ ክብ መሰለ ሲሽከረከር።
እኔ ከኋላ ሮጥኩ። ላቤ ዓይኔን ጋርዶ ምንም አላየሁ፤
ሜዳው ጫፍ ቆሞ ደረስኩበት፤ «በረርክ?» ብዬ ጠየቅሁ።
«እንጃ» አለ። «ጉድባው፣ ጉብታው፣ ለአፍታ ረሳኝ፤
መሬት ከሥር ሲመታኝ ኖሮ፣ ድንገት መምታቱን ተወኝ።»

በመጣበት ተመለስን፣ አጎንብሰን፣ የጎማውን ዱካ ይዘን።
ሦስት መስመር። የላም ኮቴ። ሦስት መስመር።
ከዚያ ምንም።
ሣር ብቻ፤ ያልተነካ ጤዛ፣ ቅጠሉ ላይ እንደዋለ።
ከዚያ ወዲያ፣ እንደገና፣ ሦስቱ መስመር ቀጠለ።

ሙዘይን ጫማውን አወለቀ፤ ሊረግጠው አልደፈረም፤
እኔ ግን በያጅ ነኝ፤ ሳልለካ አላምንም።
ለመስኮት የተገዛ ሜትሬ፣ አምስቱ አልበቃው አለ፤
አራት ጊዜ ተዘረጋ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ሣር ላይ እየዋለለ።

ጋራዤ ግድግዳ ላይ፣ በጠመኔ ትእዛዝ እጽፋለሁ፤
የትምህርት ቤቱን አጥር፣ የሼህ ኑሬን መስኮት፣ ቁመትና ወርድ አሰፍራለሁ።
ያን ቀን ከነሱ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፤
ወርድ የለው፤ ቁመቱንም አላወቅኩ፤
«አየር» ብዬ፣ አጠገቡ «አሥራ ዘጠኝ ከሰባ»።
«ይኼ ደግሞ የማን በር ነው?» ይላል፣ ቀብድ ሊከፍል የገባ።