የቆላ ልክ

ከቆላ ተነሳሁ፣ ከብርቱካን አገር፣
ሞተሬ እያዜመ በወፍራሙ አየር፤
ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ ገደሉን ታክኬ፣
ኤል አልቶ አፋፍ ላይ ተዛባብኝ ልኬ።
መኪናዬ ሳለ፤
ከማርሚታው አፍ ጥቁር ጭስ ተንከባለለ።

ሳቱርኒና ቾኬ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣
ከቆርቆሮው ጥላ ወጣች በዝግታ።
እኔን አላየችም፤
ሞተሩን ስታዳምጥ ዓይኗን አልገለጠችም።

«ጠግቧል» አለች፤ «ጠግቦ ነው የታፈነ።
አየሩ እዚህ ላይ የመነመነ፣
አንተ ግን ቤንዚኑን በቆላ ልክ!
ሆዱ ሞልቶ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ምን ያድርግ? ይንበርከክ።»

ካርቡራተሩን ፈታች፤
ከተንሳፋፊዋ ሥር፣ ጥፍር የምታህል ናስ አወጣች፣
መርፌ በጭንቅ የሚያልፍባት።
«ነፋስ በጠባብ ጉሮሮ ሲሮጥ፣
ቤንዚኑን በዚች ይስባል፣ ጉም አርጎ ሊውጥ፤
ማንም አይግተውም፤
ጥማት ነው የሚያጠጣው፤ ግፊት አያውቅም።»

ጥግ የቆመውን የማዕድን ካሚዮን ባገጯ ጠቆመች፦
«የናፍጣ ጠባይ ሌላ ነው። ካንዴላ የለውም፤
አየር ብቻ ይውጣል፤ ነዳጅ ቀድሞ አይቀምስም።
ይጨምቀዋል፣ ይጨምቀዋል፣ እስኪግል፤
ያኔ ኖዝሉ አንዴ እንትፍ ሲል፣
ይነዳል በራሱ።
አማቴም እንዲሁ ነው፤ ክብሪት የለም በኪሱ።»

ብቻዋን ሳቀች።
«የእህቴ ልጅ ሞተር ሳይክል ደግሞ፣ ዘይቱን
በጥብጦ ይጋታል ከቤንዚኑ ጋር፤
የሚያለሰልሰውን አብሮ ያነዳል፣ እንደ ጎረምሳ ፍቅር።
አዲሶቹማ ጭሳቸውን በኮምፒውተር አሽትተው፣
ልካቸውን ራሳቸው ቆርጠው፣
በደጄ ሲያልፉ፣ ጡሩምባም አይነፉ።»

ጠባቧን አሰረች፤ የኔዋን በጋዜጣ ጠቀለለች፤
«ስትወርድ መልሳት፤ አደራ» አለች።
«አየር በሞላበት፣ በዚች ጠባብ ብትነዳ፣
ረሃብ ያግለዋል፤ ፒስተን ቀልጦ ነው ዕዳ።»

የሰርዲን ጣሳ ሙሉ ናስ ነበራት፤
አንዷ ከሁሉም ታበራለች። «የማን ናት?»
«የኤውሎሂዮ። የባሌ። የደጋውን ልክ እንደያዘ፣
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ቁልቁል እንደተጓዘ።»
በቀጭን ሽቦ ጠረገቻት፤ እፍ አለችባት፤
በቀዳዳዋ ሰማዩን አየችባት።

ዋጋዋን ስጠይቅ፣ ከጆንያዬ
ስድስት ብርቱካን ቆጥራ ወሰደች፤
ሰባተኛውን መለሰች።

ወረድኩ።
ጆሮዬ ጓ እያለ፣ ጉሙን ሰንጥቄ፣
ቀሚሴን፣ ሹራቤን አንድ ባንድ አውልቄ፣
ከመጀመሪያው የሙዝ ተክል ሥር መኪናዬን አቁሜ፣
ጋዜጣውን ገለጥኩ፣ መፍቻዬን አስቀድሜ።

ሁለት ናስ ነበሩ።