ያደረ ቅጠል

በጃቫ ደቡብ ነው፣ ድንጋይ በበዛበት፣
ጉኑንግ ኪዱል በሚሉት ኖራ ኮረብታ ፊት፣
የእኔና የእሷ ቤት ጀርባ ተሰጣጥተው
አንድ አጥር ይዘዋል ለሁለት ተካፍለው።

አጥሩ የጋማል ነው። እንጨቱን ሲሰኩት
ሥር የሚሰድ ዛፍ፣ ሲቆርጡት ሲቆርጡት
የሚለመልም ዛፍ። አባቶቻችን ናቸው
ገመድ ወጥረው፣ እየሳቁ የተከሉት።

ኋላ ግን አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ መሬት፣
«ወደ እኔ ነው» አልኳት፤ «ወደ እኔ ነው» አለች፤
ስድስት ዓመት ሙሉ ዋጊየም ጎረቤቴ
ለሰላምታ እንኳን ከንፈሯን ሳትከፍት ኖረች።
እኔም እንዲሁ።

ዝናብ ሳለ ግድ የለም፤ ሣሩ ሞልቶ በደጅ
ፍየልም ይጠግባል፣ ቂምም ይኖራል እንጅ።
ነሐሴ ሲገባ ግን፣ ጉድጓዱ ሲነጥፍ፣
ሣር በጭነት መኪና ከሩቅ ሲራገፍ
(ፍየል ሸጦ ለፍየል
ሣር የሚገዛም አለ)
ከዚያ ሁሉ ግራጫ አረንጓዴ የቀረው
ያ አጥር ብቻ ነው።

እሷ ጎህ ሲቀድ ከወዲያኛው ወገን፣
እኔ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከወዲህኛው ወገን
እንመለምላለን።
ማጭዷን በድምፁ አውቀዋለሁ፤
ሁለቴ ትመታለች፣ አንዴ ትተነፍሳለች።

ማክሰኞ ዝም አለ። ረቡዕም ዝም።
ሐሙስ ፍየሎቿ ጮሁ፣ አላቋረጡም።
ያቺ ጆሮዋ የተሰነጠቀው፣
ኦቾሎኒዬን በልታ ስንት ቀን የረገምኳት፣
በስሜ የምትጣራ መሰለኝ።

ማጭዴን አነሣሁ። የእኔን ቆረጥሁ፣ የእሷንም።
ግን ጋማል እርጥቡን ፍየል አይቀምሰውም፣
ሽታው ይገፋዋል። በረንዳ ላይ ተዘርግቶ
ማደር አለበት፤ ጠውልጎ፣ ተግ ብሎ።
ሌሊቱን ከቅጠሉ ጎን ነቅቼ ቆየሁ፦
ቂም ሲያድር ይመራል፣
ቅጠል ሲያድር ይጥማል፤
ታዲያ እኔ ስድስት ዓመት
ምኑን ነው ሳሳድር የኖርሁ?

ሲነጋ ተሸክሜ፣ ዞሬ በመንገዱ
(አጥሩን መዝለል አፈርሁ)
ከጓሮዋ ገባሁ።
መሰላሉ ከድቷት እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ
ከደጃፉ ተቀምጣለች።
«እንደምን አደርሽ?» አልኳት።
ቃሉ ጉሮሮዬን ቧጠጠው ሲወጣ።
አልመለሰችም። ቅጠሉን ዳሰሰች፣
አሸተተች፣ ቀና አለች።
«ጨው ረጭተህበታል?»
«አልረጨሁም።»
«ከመደርደሪያው ላይ አለ። ውኃውን ቆጥበህ።»

የክንዷ መሬት ነገር ያን ቀን አልተነሣም፤
ከዚያም ወዲህ እንዲሁ፤ አልተፈታምም።
ያቺ ጆሮዋ የተሰነጠቀው ግን
ቅጠሉን ጨረሰችና
የሸሚዜን ጫፍ ጀመረች።