ሦስተኛው ማንኪያ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በማሪቦር ሙዚየም፣
ካንድ ሥዕል ፊት ለፊት ተቀምጬ ስከርም፣
ዘበኛ ነኝና ጠያቂ አላጣሁም፦
«ስንት ያወጣል ይሄ?» «መጸዳጃው የት ነው?»
«ሠዓሊው ሞቷል ወይ?» «መዝጊያችሁ ስንት ነው?»
ሁሉንም መለስኩኝ፣ ዓይኔን ሳላነሣ፤
ጠያቂውም ሄደ፣ መልሴንም ረሣ።

ሥዕሉ ይኸው ነው፦ ጠረጴዛ፣ ዓሣ፣
ሁለት ነጭ ሰሃን፣ የተላጠ ሎሚ፣
ከጠርዙ ላይ ወርዶ የተንጠለጠለ ፎጣ።

ማክሰኞ ዕለት ግን፣ በረዶ ሲጥል፣
ከክፍሏ ልጆች ኋላ አንዲት ልጅ ቀረች
(ስሟ ኔዣ መሆኑን ከኮቷ አንገት ላይ አነበብኩ)።
አንገቷን ዘመም አድርጋ ቆመች፣ ቆየች፣ ቆየች፤
«ሰሃኑ ሁለት ነው፤
ማንኪያው ለምን ሦስት ሆነ?» አለች።

አሥራ አንድ ዓመት!
ዓሣውን ጠበቅሁ እንጂ ማንኪያ አልቆጠርኩም፤
መልስም አልነበረኝ፤ አሁንም የለኝም።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ እንደ ወትሮው ልማድ
«እንዴት ዋልሽ?» ልል ነበር፣
«ደኅና» ልትለኝ ሚስቴ ቪዳ።
ቃሉን ዋጥኩትና እጆቿን አየሁኝ።
«ቢላውን በግራሽ መያዝ የጀመርሽው
መቼ ነው?» አልኳት።

ሽንኩርቱን ተወችው።
ብዙ አየችኝና ወንበር ስባ መጣች፤
መናገር ጀመረች።
ሾርባው ምድጃ ላይ
ተንተክትኮ፣ ተንተክትኮ አለቀ።