ሆድ ያባውን

ኤርሜሊንዳ ሰጠመች በአንድ ጸጥተኛ ሌሊት፣
ማዕበል ሳይመታት፣ ዓለት ሳያገኛት፣
እዚሁ ካምባዶስ፣ በገመዷ ታስራ፣
ከጀልቦቹ መሀል ጎን ለጎን ተደርድራ።

ዝናብ ነው እንዳልል፣ ዝናብ እዚህ አገር
እንደ ጎረቤት ነው፣ ሳይጠሩት የሚያድር።
ነገሩ ቡሽ ነበር፣ የወይን ጠርሙስ ቡሽ፤
ከማብሪያው ማጠፊያ ገብታ ተሸጉጣ፣
ውሃው ሽቅብ ሲወጣ ተንሳፋፊው ላይወጣ።
ፓምፑ ደህና ነበር፣ ባትሪውም ሙሉ ነው፤
የሚቀሰቅሰው ነው ተኝቶ የቀረው።

በክሬን አውጥተዋት ሆዷን ከፍቼ ሳይ፣
የመረብ ብጥስጣሽ፣ የሰርዲን ቅርፊት፣
ወንፊቱ ላይ ደግሞ፣ አፉን የደፈኑት፣
ዴልሚሮ ለሐኪሙ «ትቻለሁ» ያላቸው
የሲጋራ ቁራጮች። ዐርባ ሰባት ቆጠርኩ።
ሽማግሌው ሰማይ አየ። እኔም ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ጠረግሁ። ከዚያ ትንሿን ፓምፕ
ከዝቅታው ሁሉ ዝቅ አድርጌ ተከልኩ፤
ትልቋን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ፣
ታናሽ ስትደክም ታላቅ እንድትደርስ፤
ከሷም በላይ ደወል፣ ሙት የሚቀሰቅስ።
ሽቦው መዳብ ሆኖ ቆርቆሮ የለበሰ፤
ራቁቱን ያለውን ጨው ስንቱን ጨረሰ!
ከዋናው ማብሪያ ፊት፣ ቀጥታ ከባትሪው፣
ለየራሱ ፊውዝ፣ ለየራሱ መስመር ነው፤
ሰው ቤቱ ሲገባ ሁሉን አጥፍቶ ነው፤
ውሃ ግን መቼ ነው «መሸ፣ ልግባ» ያለው?
ቱቦውን ከባሕር ልክ በላይ አጠፍኩት፣
ያስወጡት እንግዳ፣ በወጣበት በር፣
ተመልሶ ገብቶ ሌሊት እንዳያድር።

«ባልዲ ይሻላል» አለ። «ባልዲ ፊውዝ የለውም።»
እውነቱን ነው። ባልዲ ግን ሌሊት አይነቃም።

ያንኑ ባልዲውን ተቀብዬ ሞላሁ፣
ከባሕር ቀድቼ ሆዷ ውስጥ ገለበጥሁ።
ዝም።
ሁለተኛ ጨመርኩ። ዝም። ዴልሚሮ ሳቀ።
ሦስተኛው ሲወርድ ግን አንድ ነገር ጠቅ አለ፤
ተንሳፋፊው ተነሣ፣ ፓምፗ አጉረመረመች፣
ከጎኗ ጥቁር ውሃ ወደ ውጭ ተፋች፣
ዐሥራ ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያም ዝም አለች።
ሆድ ያባውንማ ፓምፕ ያወጣዋል፤
እስኪነቃ ድረስ ግን ስንት ሌሊት ያልፋል።

መሣሪያዬን ለቅሜ ልሄድ ስነሣ፣
እሱ ቆሞ ነበር ባልዲውን እንዳነሣ።
«ኡሺያ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ሐኪሙ ከኋላው የቆመ ይመስል፣
«ትርፍ ጣሳ አለሽ? ክዳን ያለው ቢሆን።»