ሚኒሞ

ከአኮ ወደብ ጥግ፣ ከድሮው ግንብ ሥር፣
ውሃ ከሞላሁት ሰፊ በርሜል ዳር፣
አሮጌ ሞተሬን ሳንቃ ላይ አስሬ፣
ሳሉን አዳምጣለሁ፤ ሦስት ቀኑ ነው ዛሬ።

«ዐሥራ አምስት ፈረስ ነው» ብሎ ነው የሸጠልኝ፤
ስምንቱ ሞተው፣ ሰባቱ የሚያነክሱ መሰለኝ።
ሙሉ ጋዝ ስሰጠው ይጮሃል፣ ይበራል፣
ጀልባዋን አንሥቶ ማዕበል ያዘልላል፤
ጋዙን ቀነስ ሳደርግ፣ «እረፍ» ስለው ግና፣
ይንቀጠቀጥና
ጭጭ ይላል፤ እንደገና።

«ሚኒሞ አይዝም» ይባል ነበር፣ ጎንደር ጋራዥ ሳለሁ፤
ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቃል፣ እኔ ይዤው መጣሁ።
ልጄ «ፕላግ» ትላለች፣ እኔ «ካንዴላ» እላለሁ፤
አቡ ወዲዕ በራሱ ቋንቋ ሲሰድበው ሰማሁ።
ሞተሩ ግን አይለይም፤
ሦስታችንንም ይሰማል፣ ለአንዳችንም አይታዘዝም።

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ፈታሁ።
አንዱ ጥላሸት ለብሷል፣ ዘይት ጠጥቶ ረጥቧል፤
ሌላው ነጭ፣ ደረቅ፣ አመድ መስሏል፤
ሁለት ወንድማማች፣ ካንድ ማዕድ ቀርበው፣
አንዱ ሰክሮ የሚያድር፣ አንዱ ጦሙን ነው።

ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድቼ አቆምኩት፤
ሲረጋ፣ ከሥሩ ውሃ አገኘሁበት፤
ጥርት ያለ፣ ዝም ያለ፣ እንደ ሐሰተኛ ምስክር
ከታች ተኝቶ ቀኑን ሲቆጥር።
ደፋሁት። አዲስ ገዛሁ። ከዘይት ጋር ቀላቀልኩ፤
ለአምሳ እጅ አንድ እጅ፣ እንደ ሐኪም ለካሁ፤
ገመዱን ሳብኩ፤ ሳብኩ፤ ትከሻዬ እስኪዝል ሳብኩ።
ተነሣ፤ አጓራ፤ ሞተ።
እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ትርንጎ ከገበያ ስትመለስ፣ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች፣
«አንተኑ ነው የሸጡልህ» አለች።
«ሲሮጥ ደህና ነው፤ ማረፍ ነው የማይሆንለት።»
ሄደች። ቃሏ ግን በርሜሉ ውስጥ ቀረ፣ ተንሳፎ እንደ ዘይት።

ሠላሳ ዓመት ብረት ፋብሪካ፣ ሠላሳ ዓመት የሌሊት ፈረቃ፤
ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ነው የምነቃ።
እጄ የሚይዘው አጥቶ፣ ጆሮዬ ጩኸት ናፍቆ፣
ወጥ ቤት ቁጭ እላለሁ።
ፍሪጁ እንኳ ያጉረመርማል፣ ያርፋል፣
ደግሞ ይነሣል ጊዜውን ጠብቆ።

አቡ ወዲዕ መረቡን ሲጠግን ቆየና ተነሣ፤
ባንድ ኪሱ ካቻቢቴ፣ በሌላው ፒንሳ።
ካርቡራተሩን እንደ ሮማን ፈልፍሎ፣
ከሆዱ አንዲት የነሐስ ፍሬ ነቅሎ፣
ወደ ፀሐይ አነሣት፤ «እይ» አለኝ በምልክት።
አየሁ። ቀዳዳው በነበረበት ጨለማ አለበት።

ለሩጫው የተሠራው ሰፊው በር ክፍት ነበር፤
የዕረፍቱ ግን፣ ከቅንድብ ፀጉር የቀጠነችው በር፣
የከረመ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ደፍኗታል።

ከኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ የመዳብ ክር መዘዝን፤
ትንፋሻችንን ይዘን፣
ወጋ፣ መለስ፤ ወጋ፣ መለስ፤
እፍ፣ ደግሞ እፍ፣ ምላሳችን ቤንዚን እስኪቀምስ።
ዳግመኛ ወደ ብርሃን አነሣኋት፤
የጤፍ ቅንጣት የምታህል ፀሐይ አየሁባት።

መለስነው። ገጠምነው። አንዲት ብሎን ተረፈች፤
ከየት እንደወጣች እንጃ፤ መዳፌ ላይ ቀረች።
ገመዱን ሳብኩ፤ አንዴ። አጓራ፤ ጭስ ተፋ፤
ጋዙን ቀነስኩ፤ ቀነስኩ፤ ደግሞ ቀነስኩ፤
አልጠፋ!

ቱር ቱር ቱር ይላል፤ ከጎኑ የውሃ ክር ይወርዳል፤
ለብ ያለ፣ ያልተቆረጠ፤ በርሜሉን ያናውጣል።
«እንውጣ?» አለኝ አቡ ወዲዕ፣ ወደ ባሕሩ አገጩን ቀስሮ።
«ቆይ» አልኩት።
ቤንዚን በከንቱ እያቃጠልን፣
የትም ሳንሄድ፣ በርሜል ከበን፣
እስኪመሽ ቁጭ አልን።

አሁንም አንዳንዴ ይስላል፤ ይሳል።
ብሎኗ ኪሴ ውስጥ ናት።
ለትርንጎ አልነግራትም።